ደቦ ጠሪዎቹ

ሐሙስ ነው፣ ገበያ፤ ከሂርማታ ማዶ፣ ከዘይኑ መጋዝ ቤት፣
ዋንዛ ስሰነጥቅ እጄን አዳለጠው ያደረው እርጥበት።
መዳፌ እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ተገልጣ፣
ሰጋቱራው ቀላ፣ ደሜን ጠጣ ጠጣ።
በጅማ ከተማ ጅማቴ ተቆርጦ፣
በሁለት ጣቶቼ ትእዛዜ ተቋርጦ፣
እጄን በዘይኑ የላብ ፎጣ ጠቅልለን፣
ባጃጁ እየናጠን አዌቱን ተሻገርን።

ዶክተር መርጊቱ ከፀጉር በቀጠነ ክር
ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰፋች።
ሲነጋ ፋሻዬን አይታ፣
«እኔ ገጠምኩት እንጂ አላዳንኩህም» አለች።

ነገሩ ገባኝ፣ አናጢ ነኝና።
የተሰነጠቀ ጣውላ በኮላ አጣብቄ፣ በሞርሳ ወጥሬ አሳድራለሁ፤
ይይዛል። አይሽርም ግን።
ሙት ነው፤ የሚጠራው ዘመድ የለውም።
ጅሬን ዳገት ላይ መጥረቢያ ጀምሮ የተወውን ዛፍ
ዓመት ቆይተህ እየው፦
ቁስሉ ዙሪያ ከንፈር አውጥቶ
ስንጥቁን ቀስ እያለ ሲጎርሰው።

ወረቀት ብታጣ የጓንት ካርቶን ላይ ሣለችልኝ።
«ደምህ ሲፈስ ቀድመው የደረሱት ፕሌትሌቶች ናቸው፣
ቀዳዳውን በገላቸው ደፈኑ።
ሆዳቸው ሲከፈት ግን መልእክት በተኑ፤
ዕድገት ቀስቃሽ ይባላል።
አይሰፋም፣ አይለጥፍም፣ አንዲት ክር አይዘረጋም፤
የሴሎችን በር እያንኳኳ ይጣራል እንጂ።»

«ደቦ ጠሪ ነዋ!» አልኳት።
ጎጆ ሲፈርስ በውድቅት የሚሮጥ፣
«ድረሱ!» እያለ በየደጁ የሚያምጥ፣
ራሱ ግን አንዲት ማገር የማያነሳ።
ሳቀች። ካርቶኑ ላይ ጻፈችው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
በመስኮቱ ስር፣ ከፍሳሹ ቦይ፣ እንቁራሪት ይንጫጫል፤
በፋሻዬ ውስጥም ጥሪ ያለ መሰለኝ።
ጠራጊዎቹ መጥተው ፍርስራሹን በሉ፤
ቦታው አበጠ፣ ጋለ፤ የሥራ ሙቀት ነው።
ቀጥሎ የደም ሥር ተጠራ፣
ጎዳና ሳይቀደድ ለሠራተኛ ማን ውሃ ያደርሳል?
በሰባተኛው ቀን በላኝ።
«እንዳታክ!» አለች ሲስተር ዙልፋ፣
«ሥራ ላይ ናቸው።»

አጠገቤ ጋሽ ወልደሰንበት፣ የቦንጋው ማር ነጋዴ፣
ዕድሜ ልኩን ማር ሸጦ ስኳር የያዘው ሰው፤
እግሩ ላይ የብር ሳንቲም የምታህል ቁስል፣
አምስት ወር ሙሉ አልሽር ብላ።
«ጠሪዎቹ አሉ» አለችው መርጊቱ፣
«መንገድ ላይ ይበላሉ።
የደረሱትም ቢጮኹ፣ ስኳሩ የሰሚውን ጆሮ ደፍኖታል።»

ከክንዱ ደም ቀዱ፣ በማሽን አሽከረከሩ፣
ቀዩ ሲዘቅጥ ቢጫውን፣ ጠሪ የበዛበትን፣ ቁስሉ ላይ አፈሰሱ።
«እኔን ራሴን አጠለሉኝ!» ብሎ ሳቀ፣
«ሰፈፌንስ ምን አደረጋችሁት?»
ዳሩ ቀላ።
ቀይ ማለት ተስፋ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ተስፋ አደረገ፣
በር ላይ የምትተኛው የሦስት ቁጥሯ አስታማሚ ሳትቀር።
በአሥረኛው ቀን ጠቆረ።
ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።
ያን ዕለት የእኔ ክር ወጣ፤
እጄን ከብርድ ልብሱ ስር ደበቅሁ፣ መዳኔ አሳፍሮኝ።

ሦስት ወር አለፈ። ጣቶቼ ይታጠፋሉ፣ በቀስታ።
«እንደ ድሮው አይጠነክርም፣ ከመቶ ሰማንያ ቢሆን ነው» ብላኛለች።
ይሁን። ሰማንያው ይበቃዋል መሮ።
ከአንድ ግንድ ዋንዛ ፈልፍዬ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣
ለቀጠሮ በመጣ ቀን ግቢው በር ላይ ጠበቅሁት።

ክራንቹን ለልጁ ሰጥቶ ተቀመጠ፣
በርጩማውን መታ መታ አደረገው፣ እንደ በቅሎ።
«አንተ ሦስት፣ እኔ አንድ፤ አራት ሞላን» አለው።
ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ማንም አልተነሳም።
መዳፌ ላይ ጠባሳው በላኝ፤
አላከክሁትም።